ሴሚስተሩ ሲያልቅ ልጁን ማን ያስነብበዋል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኮሌጅ የሚማሩ አባላት ያቀረቡት ንግግር)



ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶናል። ሁለታችን ከዚህ በቀጥታ ወደ ማታ ፈረቃ ስለምንሄድ ከዚያ አናልፍም። የተጠየቅነው ስለ ኮሌጅ ትምህርታችንና ስለምናስነብባቸው ልጆች ሪፖርት እንድናቀርብ ነበር። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ እሱን መልሰን አናነብላችሁም። ይልቅስ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚቋረጥና ማኅበራችን ምን ሊያደርግለት እንደሚችል እንንገራችሁ።

ስድስት ነን። ከመካከላችን ሆቴል የምታጸዳ አለች፤ አረጋውያንን በቤታቸው የምትንከባከብ፣ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ የምትቀበል፣ በቤቷ የሰው ልጆች የምትጠብቅም አለች። ሁላችንም እዚህ ሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እንማራለን። አብዛኞቻችን የገባነው ነርስ ለመሆን ነው። ነርስነት ከመግባት በፊት ግን የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርስ ማለፍ ግድ ነው። ያ ኮርስ ስንት ጎበዝ እኅት መንገድ ላይ እንዳስቀረ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ኮርሱ በሁለት መልክ ይሰጣል። አንዱ የተለመደው ነው። ሌላው ሰርቪስ ለርኒንግ የሚሉት ነው፤ ተማሪዋ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት በነፃ ታገለግላለች፣ የምትጽፈውም ከዚያ አገልግሎት ይነሣል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንሄድና የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አንድ ባንድ እናስነብባለን። ለአንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት። ማታ ልጆቻችን ሲተኙ ለክፍላችን እንጽፋለን።

ይህ ነገር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 «አሜሪካ ሪድስ» የተባለ ጥሪ ከቀረበ ወዲህ በብዙ ኮሌጆች ተስፋፍቷል። በዚያው ሰሞን የወጣ አንድ ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ልጆችን ለሚያስነብብ የወርክ ስተዲ ተማሪ ደመወዙን ሙሉ በሙሉ የፌዴራል መንግሥቱ ሊከፍል ይችላል። ሕጉ ደግሞ ኮሌጆች ከወርክ ስተዲ ገንዘባቸው ቢያንስ 7 በመቶውን ለማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲያውሉ ያዛል። ይህን ለታሪክ ያህል አይደለም የምንነግራችሁ። የፋይናንሻል ኤይድ ፎርም የምትሞላ እኅት፣ ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት ያላትም ብትሆን፣ ይህንኑ ሥራ በክፍያ ልትሠራው ትችል ይሆናል። ቢሮው ራሱ አይነግራትም፤ ሄዳ መጠየቅ አለባት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚያ በፊትም የነበረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው የሄደው ለማስተማር ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ እያደር እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተካሂዶ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች እዚህ ተቀምጠዋል፤ ያስቆጠሩም አሉ። ካስቆጠሩት አንዷ፣ ያኔ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት እናታችን፣ ሥራችንን ሲሰሙ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «እናንተ ስትሄዱ ማን ይተካችኋል?» አሉን። እሳቸው ያስተማሯቸው ገበሬዎች የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ነገር በማጣት ብዙዎቹ ፊደሉን እንደረሱት አጫወቱን። ይህን ጥያቄያቸውን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ግን ከእናንተ ደጋግሞ ለመጣው ጥያቄ እንመልስ። «የእናንተው እንግሊዝኛ እየተንገዳገደ እንዴት የሰው ልጅ ታስተምራላችሁ?» ትሉናላችሁ። ደግ ጥያቄ ነው፤ ፈርተን የነበረውም እሱኑ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከማስጀመሩ በፊት የጣት አሻራ ያስነሣል፣ ያለፈ ታሪክ ያጣራል፣ ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው ላይ የነገሩን አንደኛው ነገር እኛ አስተማሪዎች አለመሆናችንን ነው። አስተማሪዋ አለች። እሷ ያስተማረችውን ልጁ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚለማመድበት ጊዜ ክፍል ውስጥ አይበቃም፤ እኛ ያን ጊዜ ነን። እርግጠኛ ያልሆንበትን አነባበብ ከራሳችን አንፈጥርም፤ አስተማሪዋን እንጠይቃለን፣ ወይም በትምህርት ቤቱ ታብሌት ላይ ቃሉን ከልጁ ጋር እናዳምጣለን። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ በፊደላችን ብንጽፋቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። ይህን ልዩነት ጆሯችን የለየው ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ነው እንጂ ኮሌጅ ውስጥ አይደለም።

ደግሞ ከፊደላችን ይዘን የመጣነው ነገር ለልጆቹ ጠቅሟል። የእኛ ፊደል ስሙና ድምፁ አንድ ነው። «ለ» ሲባል ስሙም «ለ» ነው፣ ድምፁም «ለ» ነው። የእንግሊዝኛው ግን ስሙ ሌላ፣ ሥራው ሌላ። «ዳብልዩ» የሚባለው ፊደል ቃል ውስጥ ሲገባ «ው» ይላል፤ «ኤች» የሚባለው «ህ» ይላል። ስሙን በቃሉ የያዘ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ሰነፍ ይመስላል። ሰነፍ አይደለም፤ በስሙ እየጠራው ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ልብ የሚለው በትምህርት ነው። ትልቅ ሰው ሆነን የሌላ አገር ፊደል የተማርን እኛ ግን ገና ሕመሙ አልለቀቀንም፤ ልጁ የቱ ጋ እንደተያዘ ቶሎ ይገባናል።

ሌላም አለ። በአማርኛ የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም። «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉም ሊሆን ይችላል፣ «ገና አልመጣም» የሚለውም ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው አንብበን ነው ወደ ኋላ ተመልሰን የምናጠብቀው ወይም የምናላላው። በእንግሊዝኛም «ያነባል» እና «አነበበ» በጽሑፍ አንድ ሆነው በንባብ ይለያያሉ። ልጁ እዚያ ላይ ሲቆም «አታቁም፣ እስከ ነጥቡ ሂድና ተመለስ» እንለዋለን። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይስቃል።

አሁን ወደ ድርሰቱ እንምጣ። የኮሌጁ ድርሰት ለእኛ አስቸጋሪ የሆነው በቃላት ማነስ ብቻ አይደለም። እኛ ያደግነው ነገርን ከሩቅ ጀምሮ፣ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ጉዳዩ በሚገባ ንግግር ነው። ሰምና ወርቅ የምናደንቅ ሰዎች ነን፤ ሐሳቡን ያደባበሰ ይመሰገናል። እዚህ ግን የምትዪውን በመጀመሪያው አንቀጽ ካልተናገርሽ ነጥብ ይቀነሳል። መምህራችን በወረቀታችን ጠርዝ ላይ «ታዲያ ምን ለማለት ነው?» እያሉ ይጽፉ ነበር። ለእኛ ይህ የስድብ ያህል ነው።

ትርጉሙ የገባን የሁለተኛ ክፍል መጻሕፍት ስናስነብብ ነው። ልጁ አንድ ገጽ እንደጨረሰ «ይህ ገጽ ስለ ምን ነው የሚያወራው?» ብለን መጠየቅ አለብን፤ ሥልጠናው ላይ ያስያዙን ነው። ልጁ መልሶ ገጹን በሙሉ ይተርክልናል። «እሱን ሰማሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ» እንለዋለን። ይህን በሳምንት ስምንት ጊዜ የጠየቀች ሴት ማታ የራሷን ወረቀት ስታነብ ጥያቄው ራሷ ላይ ይመጣባታል። ከመካከላችን ሁለት ጊዜ ኮርሱን አቋርጣ የነበረችው በሦስተኛው ያለፈችው በዚህ ነው፤ እሷው አጠገባችን ቆማ ራሷን እየነቀነቀች ነው። ረቂቅ ጽፎ መልሶ መጻፍንም ልጆቹ ናቸው ያለመዱን። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ አንድን መጽሐፍ አራት ጊዜ ማንበብ አያፍርም። እኛ ደግሞ አንዴ የጻፍነውን መንካት እንደ ውርደት እንቆጥር ነበር።

እንግዲህ ጥሩ ጥሩው ይህ ነው። አሁን የምንለው ግን ለለጋሾቻችን ጆሮ ላይጥም ይችላል።

እንዲህ ያለ ኮርስ አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ልጁን የድርሰት ርእስ ያደርገዋል። ተማሪዋ ትሄዳለች፣ የተቸገረ ልጅ ታያለች፣ ልቧ ይነካል፣ «ዛሬ ሕይወት ለወጥኩ» ብላ ትጽፋለች፣ ጥሩ ነጥብ ታገኛለች። ይህን ቅሬታ የምናሰማ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በቦስተን አቅራቢያ በቤንትሊ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ብሩስ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህንኑ ጽፎታል፤ ተማሪዎቹ ሰው በማስነበባቸው ደስ ይላቸዋል፣ ግን ያ ሰው ለምን ማንበብ ሳይችል ቀረ ብለው አይጠይቁም፤ የሰውየው የግሉ ችግር ይመስላቸዋል። ስለዚህ የድርሰቱ ክፍል ያንን «ለምን» ማስጠየቅ አለበት ይላል። እኛም እንላለን።

ክፍላችን ውስጥ የማይክ ሮዝን መጽሐፍ አንብበናል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው «ላይቭስ ኦን ዘ ባውንደሪ» የሚባለው ነው። ሮዝ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ያደገ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የፈተና ውጤቱ «ሮዝ» ከሚባል ሌላ ተማሪ ጋር ተቀያይሮ፣ ለእጅ ሙያ ብቻ ከተለዩት ልጆች ጋር ሁለት ዓመት አሳለፈ። አንድ መምህር ልብ ባይለው እዚያው ይቀር ነበር። ወላጆቹ ስህተት መኖሩን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በኋላ ትልቅ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህን ያነበብን ቀን አንዳችንም ቶሎ ወደ ቤት አልሄድንም፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ስለ ልጆቻችን ስናወራ መሸ። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ልጁ ራሱ እየተረጎመ የሚነግራት እናት በመካከላችን ስንት ናት?

ስለዚህ የመጨረሻውን የምርምር ጽሑፋችንን በዚህ ላይ አደረግነው። ያገኘነውን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ባሉ ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጉዳይ «ላው እና ኒኮልስ» በተባለው ክርክር፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ልጅ እንደ ሌሎቹ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ ወንበር መስጠት ብቻ እኩል ማስተማር አይደለም ብሎ ወስኗል። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ከዚሁ ሕግ የተነሣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለወላጅ ጠቃሚ ጉዳይን በሚገባት ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለበት። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም፤ ገንዘቡንም እናንተ አትከፍሉም። ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉት። ዲሲ ለምትኖሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

የልጆቹን ነገር በተመለከተ አንድ ደንብ ለራሳችን አውጥተናል። በድርሰታችን የልጅ ስም አይገባም፣ የቤተሰቡ ታሪክ አይገባም፣ ፎቶግራፍ አይነሣም። የተማሪን መዝገብ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ አንድ ነገር ነው፤ የእኛ ምክንያት ግን ከዚያ የቀረበ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው። ነገ በዕድር ወይም በክርስትና ስንገናኝ እናቲቱ ቀና ብላ ልታየን ይገባል። ባለፈው ዓመት አንድ ለጋሻችን ለማስታወቂያ የሚሆን የልጆች ፎቶ ሲጠይቁን ያልሰጠነው በዚህ ነው። ስላልተቀየሙን እናመሰግናቸዋለን።

ሌላው ለጋሾች የሚጠይቁን «ስንት ልጆች ደረጃቸው ተሻሻለ?» የሚለው ነው። ትምህርት ቤቱ በየጊዜው ይመዝናቸዋል፤ ብዙዎቹ ከፍ ብለዋል። ግን ያንን ቁጥር የእኛ ብለን አንጽፍም። አስተማሪዋ አለች፣ እናት አለች፣ የልጁ ዕድሜም አለ። እኛ መቁጠር የምንችለው ስንት ቀን እንደሄድንና ስንት ቀን እንደቀረን ነው። እሱን በሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የቀረንባቸውን ቀናት ጭምር።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። የኮሌጁ ሴሚስተር ታኅሣሥ እንደ ፈረንጅ አጋማሽ ላይ ያልቃል፤ ቀጣዩ የሚጀምረው ጥር መጨረሻ ገደማ ነው። የጸደዩ ሴሚስተር ደግሞ ግንቦት አጋማሽ ያበቃል። ልጆቹ ግን እስከ ሰኔ አጋማሽ ይማራሉ። ኮሌጁ ነጥቡን ሲሰጥ የተማሪዋ ግዴታ ያበቃል። የልጁ ግን የሚበረታበት ወይም የሚወድቅበት ሰሞን ያኔ ነው። በዚያ ላይ ሰርቪስ ለርኒንግ የወሰደች ተማሪ ሁሉ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮርስ ትወስዳለች፤ ልጁ ሌላ ሰው ይመጣለታል። አንዱ ልጅ ሁልጊዜ ስንነሣ «ሰኞ ትመጫለሽ?» ይላል። መጀመሪያ ትምህርት የጠላ መስሎን ነበር። አስተማሪዋ ናት የነገረችን፤ ከእኛ በፊት ሁለት አስነባቢዎች መጥተው ሄደዋል።

ባለፈው ግንቦት ሁለታችን ነጥባችንን ከተቀበልን በኋላ እስከ ትምህርት ቤቱ መዝጊያ ቀጠልን። አራቱ አልቻሉም። ፍላጎት አጥተው አይደለም። አንዷ የልጆቿን መጠበቂያ ኮሌጁ የሚረዳት በሴሚስተሩ ጊዜ ብቻ ነበር። ሌላዋ የበጋ ተጨማሪ ፈረቃ ካልያዘች የቤት ኪራይ አይሞላም። ይህን ክፍተት ኮሌጁ ሊሞላው አይችልም፤ የተቋቋመበት ሥራ አይደለም። ትምህርት ቤቱም በነፃ የምትመጣን ሴት አስገድዶ አያስቀራትም። ሊሞላው የሚችል እንዳለ ስናስብ ያገኘነው ይህንኑ ማኅበር ነው። ማኅበራችን ሰው ሲታመም ተራ አውጥቶ የሚያድር፣ ሐዘን ሲሆን ሠልስት ድረስ የማይበተን ነው። ተራ ማውጣት እናውቅበታለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በማኅበራችን ስም የምታስነብብ እኅት ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ ሙሉውን የትምህርት ዓመት ትግባ፤ የኮሌጅ ነጥብ ኖረም አልኖረም። ማኅበሩ ደግሞ ለእነዚያ ሁለት ከሰዓታት የልጆቿን መጠበቂያና የአውቶቡስ ክፍያዋን ይሸፍን። እሷ ያልቻለችበትን ሳምንት የሚይዙ ኮሌጅ የማይማሩ አራት ተተኪዎች እንፈልጋለን። አሻራና ሥልጠናው ለእነሱም ያው ነው። ጡረታ የወጣችሁ እናቶች፣ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የምትሉ፣ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩና ከዚያ ወስኑ። ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ያሏችሁም አስቡበት፤ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ከክፍላተ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ለመመረቂያ ግዴታ ያደረገች ናት፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት 75 ሰዓት እሱ ነው። ትምህርት ቤታቸው ከፈቀደ ሴት ልጆቻችሁ ያን ሰዓት ከእኛ ጋር ሊሞሉት ይችላሉ።

ለጋሾቻችን፤ መጽሐፍ እንዳትገዙልን እንለምናችኋለን። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ነው። መጽሐፍ ፎቶ ላይ ያምራል፤ የልጅ መጠበቂያ ደረሰኝ አያምርም። እኛን የሚያስቀረን ግን የኋለኛው ነው። ወጪው በገጽ ሦስት ተዘርዝሯል፤ የገንዘብ ያዣችን አይታው ፈርማበታለች።

መመዝገቢያው ወረቀት ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ቡድናችን በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት አብሮ ለአሻራ ይሄዳል፤ መኪና ያላችሁ ብትነግሩን ደስ ይለናል፣ በአውቶቡስ ሁለት መቀያየሪያ አለው። አሁን ጥያቄ ካላችሁ አራታችን እዚሁ ነን። ሁለቱ ለፈረቃ ይውጡ።